ደረት የሌለው ድምፅ

አባቴን መንግሥት ሊወስድብኝ ነው ብዬ ያመንኩት በባትሪ ድንጋይ ምክንያት ነው።

ወሩ መስከረም ነው። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ የተኛው ውሃ ገና ጠቅልሎ አልሸሸም፤ ወደ ወረታ ገበያ የሚወጣው ሰው ሁሉ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ዋልካው እግሩን እየያዘ ሲያስቀረው እየተራገመ ነው የሚያልፈው። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከቤት ስወጣ እናቴ እማዋይሽ ሰሌን ዘርግታ፣ በላዩ የባትሪ ድንጋይ ደርድራ፣ ልክ በርበሬ እንደሚሰጣ ሁሉ እያገላበጠች ፀሐይ ታስመታለች። በአጥሩ በኩል ሰው ባለፈ ቁጥር ደግሞ በነጠላዋ ሸፈን ታደርገዋለች።

«እማ፣ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነው።»

«የምን ድንጋይ?»

«ድንጋይ ነው አልኩሽ እኮ! ምን ያንዘባዝብሻል? ሂጂ ውሃ ቅጂ። ደግሞ ለሰው ትንፍሽ ትዪና ምላስሽን ነው የምጎለጉለው!»

እኔ ሸጌ እባላለሁ። ያኔ የፊት ጥርሴ ወልቆ ገና ያልበቀለልኝ ልጅ ነበርኩ፤ ልጅ ብሆንም ግን ድንጋይ የሚጎርሰው ሬዲዮ መሆኑን አላጣሁትም። ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ካኪ የለበሰው ካድሬ፣ የፀረ አብዮተኞችን ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ራሱ ከጠላት አይለይም ብሎናል። ከገበያው በታች ይሠራ የነበረውንም ልብስ ሰፊ ከነሬዲዮኑ ወሰዱት ሲባል ሰምቻለሁ። የስፌት መኪናዋ ብቻ ጨርቅ እንደነከሰች ቀርታ አይቻታለሁ። እና ያን ቀን እንስራዬን አዝዬ ስወርድ ካኪ የለበሰ ሰው ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር።

አባቴ መሪጌታ ተክለ ማርያም የድጓ መምህር ነበሩ። ቤታችን ከደብሩ ቅጥር ሥር ነው፤ ዙሪያውን የተማሪዎች ጎጆ። መሬቱን አብዮቱ ወስዶታል። የቀሩን ያቺ ቤትና የአባቴ ወንበር ነበሩ፤ ወንበር ስል የመምህርነቱን ማለቴ ነው። ወንበሩ ከሄደ ቤቱም ይሄዳል፤ ቤቱን የሚረከበው የሚመጣው መምህር ነውና።

የአባቴን ጆሮ አገር ያውቀው ነበር። ግድግዳ ተደግፈው ሲያንጎላጁ እንኳ፣ ወዲያ ጥግ ካለው ጎጆ አንዱ ተማሪ ዜማ ከሳተ «አንተ! መልሳት!» ይሉ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ነገራቸው ሁሉ ተለወጠ። ከኋላ ሆኜ «አባ!» ስላቸው አይመልሱልኝም። ተማሪ ሲያዜም እንደ ድሮው ዓይናቸውን አይጨፍኑም፤ አፉ ላይ ተክለው ነው የሚያዩት። በጋውን እናቴ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስዳቸው ሰነበተች፤ «ለወገባቸው ነው» ተባልኩ። ወገባቸውን አሟቸው እንደማያውቅ አውቃለሁ፤ ግን ልጅን ማን ይጠይቃል?

በዚህ መሀል ነው የእናቴ ወንድም አያ ዳኘው ከሶማሌው ጦርነት እያነከሰ የመጣው። ሠራዊቱ ውስጥ የመገናኛ ሠራተኛ ነበር። አያ ዳኘው ካወራ አያልቅበትም፤ «ጄኔራሎቹ ሁሉ የሚሰሙት በእኔ ጆሮ ነበር!» ይላል። እናቴ «ጆሮህን ተውና እግርህን ጠብቀህ በመጣህ» ስትለው ይስቃል። ሲመጣ አንድ ሻንጣ ይዞ ነበር፤ ሻንጣውን እኔ እንዳልነካ ተብሎ ከቆጥ ላይ ተሰቀለ። የተከለከልኩትን ደግሞ እንዴት ልተወው?

በማግስቱ ተማሪዎቹ ቀለባቸውን ሊለምኑ ወደየመንደሩ ሲወጡ፣ እናቴ በሩን ዘጋች። ቤታችንንና ጓዳውን የሚለየው የሸንበቆ ግድግዳ ነው፤ ጭቃው የረገፈበትን ቦታ እኔ ነኝ የማውቀው። ዓይኔን አስጠጋሁ። አባቴ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ጥምጣማቸው የለም። በተላጨው ራሳቸው ላይ እንደ ቀንበር የታጠፈ ብረት ተጋድሟል፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ጥቋቁር ክዳን የመሰሉ ነገሮች ጆሯቸውን ደፍነውታል። ከዚያ ሽቦ ወርዶ፣ አያ ዳኘው ጉልበት ሥር ያለ ሬዲዮ ውስጥ ይገባል። ሌላ ሽቦ ደግሞ ወደ መስኮቱ ሄዶ፣ ደፉ ላይ ከተቀመጠች ጥቁር እንቁላል የመሰለች ነገር ጋር ይያያዛል።

«እህ፣ የኔታ?» አለ አያ ዳኘው፤ አፉን እያጎላ።

አባቴ ክዳኖቹን በሁለት እጃቸው ጫን ጫን አደረጉ። በመጨረሻ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደረት የለውም።»

«ምን?»

«ይጮኻል፤ መጮኹንስ ይጮኻል። ግን ደረት የለውም፤ ሁሉ በአፍንጫ ነው።»

ወይ ያባቴ ነገር! የጠላት ሬዲዮ ተናጋሪ ሳይቀር ዜማ ሊያርሙት ነው አልኩ። ብፈራም ሳቄ መጣ፤ አፌን በእጄ ይዤ ሮጥኩ።

ዛሬ ስተርከው እኔም እስቃለሁ፤ እነሱ ግን የሚስቅ አንጀት አልነበራቸውም። እውነቱን እናቴ የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። አባቴ እየደነቆሩ ነበር። የሰበካው ሰዎች ጠርጥረዋል፤ ወርኃ ጽጌ ከመግባቱ በፊት ነገሩ ካልለየለት ከጣራ ገዳም በኩል ሌላ መምህር ሊያስመጡ ተነጋግረዋል። የማይሰማ ሰው ምን ዜማ ያስተምራል? ያ እኔ ሬዲዮ ያልኩት ደግሞ አያ ዳኘው ድሬዳዋ የገዛው ቴፕ ነው። ድምፅ የሚቀዳበትን ቁልፍ ተጭነው ካሴቱን እንዳይዞር ቀጥ ሲያደርጉት፣ በማይክሮፎኑ የገባው ድምፅ ጎልቶ በማዳመጫው ይወጣል። መድፍ ያደነቆረው ጓደኛው በዚያ ሲሰማ አይቶ ነው የተማረው። ማዳመጫው ግን ከጃንሆይ ዘመን የተረፈ የወታደር ዕቃ ነው። «ቀጥል፣ ተመለስ፣ ተኩስ» ለማለት ይበቃል፤ ለድጓ አይሆንም። ድጓ ላይ ከፊደሉ ራስ የሚቀመጡ ምልክቶች አሉ፤ ድምፅ የሚጥሉ፣ የሚያነሱ፣ የሚያንቀጠቅጡ። አንዱ ምልክት ደረት ይባላል፤ ድምፅህን ከጉሮሮህ አውርደህ ከደረትህ አምጣው ማለት ነው። ያ ነበር ከአባቴ ጆሮ የጠፋው።

እኔ ይህን ሁሉ የት አውቄ! እኔ የማውቀው አባቴ ሊወሰዱ መሆኑን ነው። ስለዚህ መላ ፈጠርኩ። ጓዳው በተዘጋ ቁጥር መስኮቱ ፊት ለፊት ካለው አጥር ሥር እቀመጥና ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ አዜማለሁ፤ የእኔ ጩኸት የሬዲዮኑን ድምፅ እንዲውጠው። ሁለት ጆሮ ላይ የተደፈነ ነገር ወደ ውጭ እንደማይሰማ የነገረኝ የለም። ዘፈን አላውቅም፤ የማውቀው ተማሪዎቹ ከንጋት እስከ ማታ የሚደጋግሙትን ነው፤ እሱን ከነምልክቱ እለቀዋለሁ። «ሃሌ ሉያ»ን ከአጥር ሥር ጀምሬ ገበያ አደርሳት ነበር።

«ኧረ ይች ልጅ ምን ነካት?» ይላሉ ጎረቤቶች።

የሚገርመው እናቴ አትቆጣኝም። ድሮ ጮክ ብዬ ከሳቅሁ «ሴት ልጅ አይደለሽም?» የምትል ሴት፣ አሁን ብቅ ትልና «ጎሽ፣ በርቺ» ብላኝ ትመለሳለች። ተባባሪ ሆንን ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አንድ ሰው ብቻ ነበር ያስቸገረኝ። ቄስ ማረው። የደብሩ ገበዝ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ፣ ጧፉ፣ ዕጣኑ፣ ሁሉ በእጃቸው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ማዜም ስጀምር ከወዲያ ብቅ ይላሉ፤ ከአጥሩ ይጠጉና ቆም ብለው እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ ያደርጋሉ። ሰላምታ የለ፣ ቁጣ የለ፤ ዝም ብለው አንገታቸውን ወደ ቤታችን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ሰላይ! እላለሁ። ይባስ ብዬ እጮኻለሁ፤ ይባስ ብለው ይጠጋሉ። ከዚያ ፊታቸው ጥቁር ብሎ ይሄዳሉ።

«ቄስ ማረው እያዳመጡን ነው» አልኳት እናቴን አንድ ቀን።

እናቴ ክው አለች። «ምን አሉሽ?»

«ምንም። ጆሯቸውን ብቻ እንዲህ አድርገው ይቆማሉ።»

እናቴ ወንድሟን አየችው፤ ወንድሟ መሬቱን አየ። ወንበሩን ለሌላ እንስጥ እያሉ የሚገፉት እሳቸው መሆናቸውን ያወቅሁት ኋላ ነው።

ጓዳው ውስጥ የነበረውን ሥራ በዚያችው ቀዳዳ ነው የተከታተልኩት። አያ ዳኘው መጀመሪያ የማዳመጫውን ክዳን ፈትቶ በጋለ ወስፌ ይፈለፍለው ጀመር። ክዳኑ መሀል ላይ አንዲት ቀዳዳ ነበረችው፤ እሱ ዙሪያውን ሌላ ይጨምራል። የተቃጠለ ቀንድ የመሰለ ሽታ ቤቱን ሞላው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች እናቴ።

«ቀዳዳው ሲበዛ ድምፁ ይበዛል! መስኮት ከፍተሽ አታውቂም?»

አባቴ አጠለቁት። ወዲያው አወለቁት።

«ባሰው። ድሮ በአፍንጫው ነበር፤ አሁን ያፏጫል።»

አያ ዳኘው ተናደደ። «የኔታ፣ እኔ እኮ በዚህ ነገር ስንት ጦር ያዘመትኩ ሰው ነኝ!»

አባቴ ከንፈሩን እያዩ አስጨረሱትና፣ ጥግ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረውን ያረጀ ከበሮ አወረዱ። የቆዳው ስፌት በአንድ በኩል ተተርትሮ ለጥገና የመጣ ነው። በመዳፋቸው መቱት፤ ጠሽ አለ። ከዚያ የተተረተረውን በእጃቸው ድፍን አድርገው ይዘው፣ «አንተ ምታው» አሉ። አያ ዳኘው መታው፤ ድም!

«አየህ? ከበሮ የሚያጓራው አየሩ መውጫ ሲያጣ ነው። ብትበሳው ይጮህልሃል? ይሄንንም ድፈነው። በጆሮዬና በእሱ መሀል ጉንዳን ማለፊያ እንዳትተው።»

ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ ለእኔ ዝርፊያ ነበር። አያ ዳኘው የጧፍ ቁራጭ ይሰበስባል፤ ሰሙን በጣቱ እያሞቀ የፈለፈለውን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍናል። እናቴ አባቴ ለጸሎት የሚቀመጡባትን አጎዛ አወረደችና ከጥጓ ቆረጠች። በሞትኩት! አጎዛዋን? ጠጉሩን ወደ ውጭ፣ ገላውን ወደ ውስጥ አድርጋ፣ እንደ እንቅብ አፍ ክብ አድርጋ ጠቅልላ፣ ውስጧን ባዘቶ ጠቅጥቃ፣ ሁለት ትንንሽ ክብ ትራሶች ሰፋች። ጆሮ የሚያርፍበት ማለት ነው። ድመታችን የቆዳው ሽታ ስቧት አንዱን ይዛ ስትሮጥ፣ አያ ዳኘው በዚያ እግሩ እስከ ቅጥሩ ድረስ አባረራት።

ክዳኑ ውስጥ፣ ድምፅ ከምታወጣው ቀጭን ቆርቆሮ ኋላ ደግሞ ባዘቶ ይግባ ተባለ። አያ ዳኘው ጭብጥ ሙሉ ጎሰጎሰበት።

«ይኼው ከጉድጓድ የሚጣራ መሰለ» አሉ አባቴ።

«እኔ ልያዘው» አለች እናቴ። ፈታይ ናት፤ ጣቷ ጥጥ ያውቃል። ሳብ፣ ሳሳ አድርጋ፣ እንደ ደመና በትና ታስገባለች፤ አባቴ ያጠልቃሉ፣ ወደ መስኮቱ ዞረው ያዳምጣሉ፣ በጣታቸው «ትንሽ ቀንሺ» ይሏታል። ትቀንሳለች። እንደገና ያጠልቃሉ። እኔ ውጭ እጮኻለሁ፤ ለትንፋሼ ዕረፍት ስሰጥ ደግሞ እየሮጥኩ መጥቼ አያለሁ። የመስኮቷን ጥቁር እንቁላል በየቀኑ ወደ አጥሩ አስጠግተዋት አገኛታለሁ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉሮሮዬ ነቅቶ ገና ዝም ከማለቴ ወደ ቀዳዳዬ ሄድኩ። አባቴ ሁለቱን ትራሶች በሁለት እጃቸው ይዘው ፊታቸው በእንባ ርሷል።

«መጣ!» አሉ። «እማዋይሽ፣ ደረቱ መጣ!»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ እልልታዋን ዋጠችው። አያ ዳኘው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ ያለቅሳል። እኔ ግራ ገባኝ። ሬዲዮኑ ክፉ ወሬ ቢናገር ለምን እልልታ? ደግ ወሬ ቢናገር ለምን ለቅሶ? ጠላት አዲስ አበባ ገባ ማለት ይሆናል ብዬ አሰብኩና፣ ለዚህ ደግሞ ሁላችንንም ነው የሚወስዱን አልኩ።

በዚያው ሰሞን ቄስ ማረው አጥር ሥር መቆማቸውን ትተው በበራችን ገቡ።

«መሪጌታ፣ እንዴት ሰነበቱ?»

አባቴ ማዳመጫውን አላጠለቁም፤ እናቴ ከጎናቸው ሆና ክንዳቸውን ነካች። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አባቴ።

«ቅዳሜ ደጀ ሰላም እንገናኝ። ሰበካው እርስዎ ባሉበት ተማሪ ሊሰማ ይፈልጋል። አለምነህ ያዜማል፤ እርስዎ ያርማሉ። ከዚያ በኋላ የምንለውን እንላለን።»

እናቴ ቃሉን በቀስታ ደገመችላቸው። አባቴ «ደግ» አሉ። ቄስ ማረው ሲወጡ ለእኔ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ፤ ችሎት ተቆርጧል፣ ምስክሩ አለምነህ ነው። አለምነህ የአባቴ ትልቁ ተማሪ ነው፤ በቆሎ እሸት ሲጠብስ ግማሹን ለእኔ የሚሰጥ። «አንተ ከሃዲ!» ብዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፍኩት። ምስኪኑ ልጅ ምን አጠፋሁ ብሎ ተጨነቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ አደረ። «ድንጋዮቹ ፀሐይ አላዩም» አለ አያ ዳኘው፤ የተረፉትንም ብብቱ ሥር ወሽቆ እንደ ዶሮ ታቀፋቸው። እናቴ ማዳመጫውን አባቴ ራስ ላይ አድርጋ፣ በላዩ ጥምጣሙን ትጠመጥም ጀመር። ያላት ጥምጣም ሁሉ አልበቃ አለ፤ የራሷን መቀነት ጨመረች። ሲያልቅ የአባቴ ራስ አንድ እንቅብ አከለ።

«ጳጳስ መሰሉ እኮ!» አለ አያ ዳኘው።

«ዝም በል አንተ! ሳቄን አታምጣብኝ፣ ዛሬ የሳቅ ቀን ነው?» አለችውና የጥምጣሙን ጫፍ ወሸቀች። ቴፑን በጨርቅ አንግተው ከጋቢው ሥር አንጠለጠሉት። ማይክሮፎኑን ጋቢው ውስጥ ቢያደርጉት እንቅስቃሴው ሁሉ ኮሽ ኮሽ ይላል፤ ስለዚህ በመቋሚያው አናት፣ ከመደገፊያው ሥር በነጭ ፈትል አሰሩት። መቋሚያ የሌለው መሪጌታ የለምና ማንም አይጠረጥርም። አባቴ መቋሚያቸውን ወደ እኔ ዘንበል አደረጉ። ፈገግ ብለው ራሴን ዳሰሱኝ። ልሰናበትሽ ነው ያሉኝ መስሎኝ ጋቢያቸውን ጨምድጄ ያዝኩ፤ እናቴ ጣቴን አንድ በአንድ አላቀቀችኝ።

እናቴ እቤት ቅሪ ብትለኝም ተከተልኳቸው። ደጀ ሰላሙ ከቅጥሩ በር ጋር የተያያዘ፣ ቆርቆሮ የለበሰ አዳራሽ ነው። ካህናቱና የሰበካው ሽማግሎች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። እኔ ከበሩ ኋላ ተለጠፍኩ። አለምነህ መሀል ቆመ፤ ሌባ ይመስላል። ሰበካው፣ እያወቅህ ዜማ ሳት ብሎ አዞታል። ጀመረ።

አባቴ መቋሚያቸውን ቀስ አድርገው ወደ እሱ አዘነበሉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ስንት ጊዜያቸው ያንን ካደረጉ!

«ተመለስ» አሉ። «መጣል የነበረብህን አነሳኸው።»

አለምነህ ፊቱ ፈካ። ቀጠለ።

«አንተ! አታንቀጥቅጣትም እንዴ? ዋጥካት እኮ!»

ሽማግሎቹ ተያዩ። ቄስ ማረው ብቻ ሳይንቀሳቀሱ የአለምነህን ከንፈር ያያሉ። አያ ዳኘው ጥግ ላይ ሆኖ በደስታ ይቁነጠነጣል። ውጭ ዝናቡ ጠና፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል። አለምነህ ዝቅ ወዳለው ቦታ ወረደ፤ ደረት ያለበት ነው። በአፍንጫው ለቀቀው፤ እኔ እንኳ ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰማሁት። አባቴ ግን ዝም አሉ። አለምነህ ቆም አለ። አሁንም ዝም። ዓይናቸውን ገለጡ፤ ጋቢያቸው ሥር እጃቸውን አስገብተው ቴፑን ነካኩ። ድንጋዩ አልቋል።

«መሪጌታ?» አለ አንዱ ሽማግሌ። «ልክ ነው? ይለፍ?»

እናቴ ከውጭ ከጎኔ መጥታ ቆማለች። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልጋቸው። «ይለፍ» ቢሉ ነገሩ አለቀ። «ተመለስ» ቢሉም ይሆናል፤ እንዲያውም ልክ ይሆኑ ነበር። አባቴ ግን መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ጥምጣማቸውን ይፈቱ ጀመር። መቀነቱ ወረደ፤ ነጩ ጨርቅ ዙር በዙር ወረደ፤ ያ ጥቁር ቀንበር ከነአጎዛው ብቅ አለ። ሽማግሎቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

«አባቶቼ፣ ጆሮዬ ከድቶኛል። እስካሁን የሰማሁት በዚህ ነው፤ ይሄም አሁን ደከመ። እዚህ ገምቼ ባልፍ፣ ጽጌ ሲገባ ምን ብዬ ነው ከማኅሌት የምቆመው? አልሰማሁትም።»

ሬዲዮኑን በገዛ እጃቸው አወጡት! አለቀልን አልኩ። እጄን አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ። ዝናቡ ስለሚጮህ ማንም አልሰማኝም፤ እናቴም የራሷን ነበር የምታለቅሰው።

ቄስ ማረው ተነሡ። መጥተው አባቴ ፊት ቆሙ። ማዳመጫውን ከአባቴ ራስ አንስተው አገላበጡት፤ አጎዛውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። ከዚያ ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸው አጠለቁት።

«ምንም የለውም» አሉ።

«አባ፣ ይቆዩማ! ይቆዩ!» አያ ዳኘው እያነከሰ መጣ፤ እየተደናቀፈ ከብብቱ ድንጋዮቹን አወጣና ቴፑ ውስጥ ከተታቸው። ቁልፏን ተጫነ።

ቄስ ማረው ደንግጠው ወደ ኋላ ተንገዳገዱ። ዓይናቸው ፈጠጠ። ቀና ብለው ጣራውን አዩ።

«ዝናብ ነው?» አሉ። «መቼ ጀመረ?»

አንዱ ካህን በቀስታ «ቅድም ነው እኮ አባ፤ ከተቀመጥን ጀምሮ እየዘነበ ነው» አላቸው።

ሽማግሎቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ቄስ ማረውም ገባቸው፤ ሰውም እንደገባው ገባቸው። ያ የማይፈታ ፊታቸው ተንቀጠቀጠ። የመሪጌታ ጆሮ ደከመ እያሉ ሲገፉ የኖሩት ሰው፣ የራሳቸውን ደብቀው ኖረዋል። አባቴ መቋሚያውን አንስተው ሰጧቸው፤ ድምፅ የሚገባው በእሱ ነውና። ቄስ ማረው መቋሚያውን ይዘው ዞሩ፤ የመቋሚያው አናት በበሩ አቅጣጫ ሲሆን ቆሙ።

«ማነው የሚያለቅሰው?» አሉ። «እዚያ በር ኋላ ልጅ ታለቅሳለች።»

በአንገቴ ተይዤ ገባሁ። አፍንጫዬ ይፈሳል፤ ቀሚሴ ዋልካ ለብሷል።

«አባቴን አይውሰዱብኝ!» አልኩ።

«ማን ነው የሚወስዳቸው?» አሉ ቄስ ማረው፤ ግራ ተጋብተው። ከዚያ ጎንበስ ብለው አዩኝ። «ያች የአጥር ሥሯ አይደለችም? አፍሽን ስትከፍቺ አይሻለሁ፤ ምን እንደምትዪ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳልሰማ… እስቲ በይልኝ። እንደ አጥሩ ሥር አድርገሽ በይልኝ።»

አዜምኩ። ልቅሶዬን እየዋጥኩ፣ አለምነህ የሳተውን ከራሱ ጀመርኩ። ወረድኩ፤ ዝቅ ባለው ቦታ ድምፄን ከጉሮሮዬ አውርጄ ከደረቴ አመጣሁት። ቄስ ማረው ሁለቱን አጎዛዎች በሁለት እጃቸው ጫን አድርገው ይዘዋል። እንባቸው በጢማቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም።

«ይች ልጅ ደረት አላት» አሉ። ከዚያ ወደ ሽማግሎቹ ዞረው፣ ምን ያህል እንደሚጮኹ ሳያውቁት፣ «መሪጌታ የትም አይሄዱም!» ብለው አዳራሹን አናወጡት።

ጽጌ ሲገባ አባቴና ቄስ ማረው ጎን ለጎን ተቀመጡ። አያ ዳኘው ብረቱን ከመሀል ቆርጦ ሽቦውን አስረዝሞ፣ አንዱን ጆሮ ለአባቴ፣ አንዱን ለቄስ ማረው አድርጎታል። አንደኛቸው ሲነሡ ሌላኛቸው ሳይወዱ ይነሣሉ፤ ሽቦው ይጎትታቸዋል። ካህናቱ ለመጀመሪያው ሰሞን ሳቁ፣ ከዚያ ለመዱት። ምእመናኑም ጧፍ ይዘው ሲመጡ አብረው የባትሪ ድንጋይ ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ ለቤተ ክርስቲያን ስለት ድንጋይ የገባበት ደብር የእኛ ብቻ ይመስለኛል። እኔም ከተማሪዎቹ ኋላ ቁጭ በዪ ተባልኩ። አለምነህን ታረቅሁት፤ እሸት ሰጠኝ። ዛሬ ወረታ ላይ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሳስዘምር፣ በአፍንጫው የሚያዜም ልጅ ሲገጥመኝ የአባቴን ከበሮ እያወረድኩ አስረዳዋለሁ። አንደኛዋ አጎዛም ሣጥኔ ውስጥ አለች፤ የድመቷ ጥርስ አለባት።

ያን ቅዳሜ ወደ ቤት ስንመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ማዳመጫው ከአባቴ ራስ ላይ ነው፤ ለመደበቅ አልሞከሩም። ጋቢያቸውን ይዤ ዋልካውን እየዘለልኩ እሄዳለሁ። አንድ ነገር ግን ከልቤ አልወጣ አለኝ።

«አባ፣» አልኩ፣ «ሬዲዮኑ ግን ምን ምን ይላል?»

ቆሙ። መቋሚያቸውን ወደ አፌ ዘንበል አድርገው «እስቲ ድገሚልኝ» አሉ።

«ያ ጓዳ ሆነው የሚያዳምጡት ሬዲዮ። ሰው እንዳይሰማብዎ ብዬ እኔ ከአጥሩ ሥር የምጮኸው። ምን ይላል?»

አባቴ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ሳቁ፤ ያን ያህል ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ከዚያ ሳቃቸው ቆመና ጭቃው ላይ ተንበረከኩ፤ ፊታቸው ከፊቴ እኩል ሆነ።

«ልጄ፣ ሬዲዮ የለም» አሉኝ። «በመስኮቱ አንቺን ነበር የምሰማው።»